ሐረግ የሌለው የጉለሌ ወይን

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ሰርቄ በልቻለሁ። ዘመኑ 1988 ዓ.ም.፣ ወሩ የካቲት፣ ቦታው ጉለሌ ሽሮ ሜዳ ነው። የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ነበርና አያቴ ግማሽ ኪሎ ዘቢብ ሰፌድ ላይ ዘርግታ እንጨቱንና ጠጠሩን ስትለቅም አመሸች። በማግስቱ ማለዳ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ፣ "በል፣ ሳትፈታ ለገበዙ አድርስ" ብላ ሰደደችኝ። ዳገቱን ሳጋምስ ግን ቋጠሮው ተፈታ። እንዴት እንደተፈታ ጣቶቼ ያውቃሉ። ከደጀ ሰላሙ ስደርስ ከሲሶው በላይ ጎድሎ ነበር። ገበዙ በእጃቸው መዘን አደረጉና ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "እግዚአብሔር ይቀበልልን" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ዘቢቡ እንዲሁ የመጣ ስጦታ አልነበረም። አጎቴ፣ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ፣ ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ብዙው በእግሩም፣ በመኪናም ወደ ቤቱ ሲመለስ የእሱ ድምፅ ጠፋ። አያቴ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየካቲት 16 ዘቢብ ታስገባ ጀመር። ጎረቤቶቿ፣ "እትዬ፣ ስለት የሚገባው ሲደርስ ነው እኮ!" ይሏታል። እሷ ደግሞ፣ "እኔ አስቀድሜ ልክፈል፤ ሲፈቅድ ይመልስልኛል" ትላቸዋለች።

አጎቴ አልተመለሰም። ለብዙ ዓመታት በኔ ምክንያት ይመስለኝ ነበር።

ወደዚህ የልጅነት ኃጢአት የመለሰኝ አንድ እንግዳ ነው። ባለፈው ዓመት በወዳጄ ቤት ከአንድ ጣሊያናዊ ጋር ተዋወቅሁ። ሰውዬው የወይን ነገር አይሆንለትም። በአገሩ ከአባት ከአያት በወረሷት ጥቂት ሄክታር መሬት ላይ ራሳቸው ተክለው፣ ራሳቸው ለቅመው፣ ራሳቸው ጨምቀው በዓመት ጥቂት ሺህ ጠርሙስ ቀይ ወይን የሚያወጡ ቤተሰቦች እንዳሉ፣ አዋቂ ጠጪ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይልቅ እነዚህን ፈልጎ እንደሚሄድ አጫወተኝ። ከዚያም፣ "እናንተስ ዘንድ እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ባለሙያዎች የሉም?" ሲል ጠየቀኝ። ጉደርን፣ አዋሽን፣ የዝዋዩን እርሻ ጠቃቀስሁለት። እነዚህ ፋብሪካዎች ናቸው አለኝ። አፍሬ ዝም አልሁ።

ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣኝ ግን ያ ነጭ ቋጠሮ ትዝ አለኝ። ለካስ ሰውዬው የጠየቀኝ ሰዎች በየሰፈሬ ሞልተዋል። ከእንጦጦ ማርያም ጀምሮ እስከ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም፣ ከሩፋኤል እስከ ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ወይን ይጨምቃል። በዓለም ላይ ከዚህ ያነሰ ምርት ያለው ወይን ጨማቂ የሚገኝ አይመስለኝም። ምርቱ በጠርሙስ አይቆጠርም፤ ጽዋ ሞልቶ ካዳረሰ በቃው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ወይን ነው።

ስሙ አለ፣ ተክሉ የለም

ጉለሌ ለወይን የተፈጠረ አገር አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ የእንጦጦ ግርጌ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ዳገቱን የሞላው ባሕር ዛፍ ነው። ሰፈሩ የሚታወቀው በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፣ ኋላም በሳሙናና በልብስ ፋብሪካዎቹ ነው። የወይን ሐረግ እዚህ ቢተከል ቅጠሉ እንኳ ደኅና አድርጎ አይወጣም።

ትምህርት ቤት የአየር ጠባይ ክፍሎችን ስንማር ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን በቃላችን ሸምድደናል። መካከለኛዋ ስም ምን ማለት እንደሆነ ግን ያስተዋልን ጥቂቶች ነን። ወይና ደጋ ማለት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። በተለምዶ ከ1,500 እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ያለው አገር በዚህ ስም ይጠራል። ስንዴና ጤፍ የሚበቅልበትን፣ አብዛኛው ሕዝባችን የሚኖርበትን ይህን ሰፊ አገር አባቶቻችን በጤፍ ስም አልጠሩትም፤ በበቆሎም በማሽላም አልጠሩትም፤ በወይን ጠሩት። ከስሙ በቀር ግን የወይን ተክል በወይና ደጋው ላይ እንደ ልብ አይታይም።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። "ወይን" ስንል ሐረጉንም፣ ፍሬውንም፣ መጠጡንም ማለታችን ነው። መጠጡን ለይተን ለመናገር ስንፈልግ "ወይን ጠጅ" እንላለን፤ በደንብ በምናውቀው በማር ጠጃችን ተመርኩዘን እንግዳውን መጠጥ ጠራነው ማለት ነው። ቀለሙን ደግሞ ለጨርቅ አውሰነዋል፤ ወይኑን ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሹራብ ከሩቅ ይለያል። በግብሩም ቃሉ የተለየ ነው፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ወይን ግን ይጨመቃል።

በባሕር የመጣው

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች እየዘረዘረ የጻፈው የንግድ መመሪያ አለ። ወደ አዱሊስ የሚገባውን ሸቀጥ ሲቆጥር ጨርቁን፣ ብርጭቆውን፣ መዳቡንና ብረቱን ያነሣና የሎዶቅያና የኢጣሊያ ወይንም ጥቂት ጥቂት እንደሚገባ ይነግረናል። "ጥቂት" የምትለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላም አልለቀቀችንም።

ያን ጊዜ ወይን የቤተ መንግሥትና የባለጸጋ መጠጥ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሡ ኢዛና በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ትምህርት ክርስትናን ሲቀበል ግን ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ወይን የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ያለ እሱ ቅዳሴ የማይቆምበት ዕቃ ሆነ። ጠጅም ጠላም ቢትረፈረፍ ለመሠዊያ አይገባም፤ ጽዋው የሚሞላው ከወይን ፍሬ በተገኘ ብቻ ነው። ከዛሬዋ አቃባ የተነሡ፣ ወይንና መሰል ሸቀጥ ይጓጓዝባቸው የነበሩ እንስራዎች ስብርባሪ በአዱሊስም በአክሱምም ከመሬት ወጥቷል።

ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የቀይ ባሕር ንግድ መልኩን ለወጠ፤ አዱሊስም ጠፋች። እንስራ ሙሉ ወይን ባሕርና ተራራ አሻግሮ ማምጣት ቀላል ነገር አልነበረም። የደረቀ ፍሬ ግን አይፈስም፣ አይሰበርም፣ አይኮመጥጥም። በግመልና በበቅሎ ጀርባ ለወራት ይጓዛል፤ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ዓመት ቢቀመጥ አይከፋም። "ዘቢብ" የሚለው ስሙ ራሱ የዐረብኛው ቃል ነው፤ ፍሬው የመጣበትን መንገድ ስሙ ይዞት ቀርቷል። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ጳጳስ ስናስመጣባት በኖርነው በግብፅም ወይን እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ለቅዳሴ የሚሆነውን ከዘቢብ የመጭመቅ ልማድ ነበረ።

ጥቂት ዘቢብ፣ ብዙ ውሃ

ይህን ሥራ በዓይኑ አይቶ በጽሑፍ ካስቀሩልን የውጭ ሰዎች አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ቆይቷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን ታትሟል። አልቫሬዝ እንደሚለው ከወይን ፍሬ በግልጽ ወይን የሚሠራው በሁለት ቤት ብቻ ነበር፤ አንዱ የንጉሡ፣ ሌላው የጳጳሱ የአቡነ ማርቆስ። ሌላው ሰው ቢሠራም በስውር ነው። ለቅዳሴ የሚሆነውን ደግሞ ቀሳውስቱ ከዘቢብ ያወጡታል። ዘቢቡን በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አሥር ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ሲያብጥ አውጥተው ጠፈፍ ያደርጉታል፤ ከዚያ ጨፍልቀው በጨርቅ ይጨምቁታል፤ በሚወጣው ይቀድሳሉ።

ይህን ሳነብ የአያቴ ነጭ ጨርቅ ፊቴ ላይ መጣብኝ። በአልቫሬዝና በኔ መካከል 470 ዓመት ያህል አለ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ግራኝ አህመድ ዘምቷል፣ ጎንደር ተቈርቁራ ፈርሳለች፣ ዘመነ መሳፍንት አልፏል፣ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን መሥርተዋል። ዘቢቡና ጨርቁ ግን እንደነበሩ ናቸው።

ከአልቫሬዝ መቶ ዓመት ያህል ቆይተው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የገነኑት ዠዝዊቶች ግን እንደሱ አይተው ብቻ አላለፉም። ከቤተ ክርስቲያናችን ጋር የተጣሉበት ዋናው ነገር የክርስቶስ ባሕርይ፣ የሰንበትና የግዝረት ጉዳይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከነቀፋዎቻቸው መካከል ግን ይህችም ነበረችበት፤ ጥቂት ዘቢብ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ የሚገኝ ነገር እንዴት ወይን ይባላል የሚል። ነገሩ የመጠጥ ጣዕም ክርክር እንዳይመስለን። ወይኑ ወይን ካልሆነ ቅዳሴው ቅዳሴ አይደለም ማለት ነው። ቅዳሴው ቅዳሴ ካልሆነ ደግሞ ከኢዛና ጀምሮ በዚያ ጽዋ የቆረበ ሁሉ በከንቱ ደክሟል ማለት ነው። ከዘቢቡ ፍሬ ቁጥር በስተጀርባ ይህን ያህል ነገር ነበረ። ሱስንዮስ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶቻችሁን ሃይማኖት ያዙ ብሎ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ዠዝዊቶቹ ከአገር ወጡ፤ ዘቢቡም ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ።

ከውሃና ከፍሬ

ለመሆኑ ነቀፋው በሙያ ዓይን ሲታይ እውነት ነበረው?

እሸት የወይን ፍሬ አብዛኛው፣ ከመቶ 80 ገደማው፣ ውሃ ነው። በፀሐይ ሲደርቅ ውሃው ወደ 15 ከመቶ ይወርዳል፤ ስኳሩ ግን ውስጡ ይቀራል። ዘቢብ ውሃ ሲነካው የተወሰደበትን ውሃ መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ ልኩን ያወቀ ሰው የሚያደርገው ፀሐይ የወሰደችውን መመለስ ነው፤ ልኩን ያላወቀ ደግሞ ያቀጥነዋል። ሙያው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ስንት ውሃ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ማሸት።

ቀለሙም የራሱ ታሪክ አለው። በፋብሪካ የሚሠራ ቀይ ወይን ቅላቱን የሚያገኘው ከቆዳው ነው። ጥቁሩ ወይን ከነቆዳው ተጨፍልቆ ለቀናት አብሮ ሲብላላ ቀለሙን ይለቃል። ገበያችን ላይ የምናገኘው ዘቢብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአረንጓዴ፣ ፍሬ አልባ ወይን የደረቀ ነው፤ ያጠቆረው ፀሐይ ነው። ከእሱ የሚወጣው ጭማቂ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀላ ያለ ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚጨመቀው ደግሞ ለዕለቱ ቅዳሴ ተብሎ ስለሆነ ለመብላላት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ጣፋጭ ነው፤ አያሰክርም።

ይህን ሁሉ ለዚያ ጣሊያናዊ በሌላ ቀን ስነግረው መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ። "ከዘቢብ?" አለኝ። ሁለተኛ ብርጭቆውን ሲያጋምስ ግን ሳቁን ተወ። በአገሩ በቬሮና አካባቢ አማሮኔ የሚባል ውድ ቀይ ወይን እንዳለ፣ እሱም የሚሠራው የተለቀመው ፍሬ ለሦስት ወር ያህልና ከዚያም በላይ በመደርደሪያ ላይ ተዘርግቶ ከጨማደደ በኋላ እንደሆነ አስታወሰ። በቆጵሮስም ኮማንዳሪያ የሚሉት ጥንታዊ ወይን በፀሐይ ከደረቀ ፍሬ ይጨመቃል። ልዩነቱ የእነሱ ባለሙያ ፍሬውን የሚያደርቀው በገዛ ደጁ መሆኑ ነው። የኛው ሌላ ሰው ያደረቀውን ከሱቅ ይገዛል።

በቤተልሔም ደጅ

እኛ ሰፈር ስለሚሠራው እንዲነግረኝ አንድ ወጣት ዲያቆን ለመንሁ። ስሙን ላለመጻፍ ቃል ገብቻለሁ። ከመቅደሱ በስተምሥራቅ ያለችውን ቤተልሔም የምትባለውን ቤት ከደጅ ቆሜ ከማየት በቀር መግባት እንደማይፈቀድልኝ አውቃለሁና ከበሩ ራቅ ብለን፣ የግንቡ ጥግ ላይ ተቀምጠን ተጨዋወትን።

እንደነገረኝ ከሆነ ነገሩ የሚጀምረው ከደጃፍ ነው። ምእመናን ከዕጣኑና ከጧፉ ጋር ዘቢብ ያስገባሉ፤ ለኅብስቱ የሚሆነውን መገበሪያ ስንዴም እንዲሁ። ስንዴውን አቃቢቶች ይለቅሙታል፤ ያስፈጩታል። ዘቢቡ ደግሞ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በንጹሕ ዕቃ ይዘፈዘፋል። ሰዓቱ ሲደርስ ተረኛው ዲያቆን በእጁ አሽቶ ይጨምቀዋል፤ ያጠልለዋል። ኅብስቱም እዚያው ይጋገራል። ከዚያ ሁለቱም ወደ መቅደስ ይሄዳሉ።

"ማን አስተማረህ?" አልሁት።

"ከኔ በፊት የነበረው ዲያቆን።"

"እሱንስ?"

"ከሱ በፊት የነበረው።" ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ "በመጽሐፍ አይደለም ጋሼ፣ በእጅ ነው" አለኝ።

ዘቢቡ ቢያንስ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። የዘቢብ ዋጋ ከዓመት ዓመት ሽቅብ መውጣቱን ሁላችንም እናውቃለን። እሱም የከተማ ደብር ብዙ አይቸገርም፤ ሰው ያመጣል አለኝ። እሱ የተማረባት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግን ሌላ ነች። እዚያ ዘቢብ በጣት እየተቆጠረ ነበር የሚወጣው። ከከተማ ዘመድ የመጣ አንድ እሽግ ዘቢብ ለብዙ ቅዳሴ ይብቃቃል። ይህን ሲለኝ ፊቱን አዞረ፤ እኔም የሰረቅሁትን ሲሶ አስታውሼ አንገቴን ደፋሁ።

የፋብሪካው ወይን

አባቴ የአያቴን ዘቢብ ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ለሱ ወይን ማለት ጉደር ነው። ለፋሲካ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ ይመጣል፤ ዶሮው ሲወጣ ይከፈታል፤ ለልጆች በቡና ሲኒ ጫፍ ይቀመሳል። ጉደር ከአምቦ አለፍ ብሎ የምትገኝ ከተማ ስም መሆኗን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የፋብሪካው ታሪክ ረጅም አይደለም። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የተመሠረተው በ1936 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። እንደ ጉደርና አክሱማይት ያሉ ስሞች በየግሮሰሪው መደርደሪያ ላይ የታወቁት በእሱ ነው። በአርሲ መርቲ ጀጁ የራሱ የወይን እርሻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ሲዛወር ከገዢዎቹ አንዱ ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ የሚመራው የውጭ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ነበር። በረሃባችን ዘመን ዘፈን አስተባብሮ ገንዘብ ያሰባሰበልን ሰው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በወይን ጠጃችን በኩል መመለሱ የታሪክ ጨዋታ ነው።

የዝዋዩ ደግሞ ከዚያ ይገርማል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በስምጥ ሸለቆው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በሆነ አሸዋማ መሬት ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተከለ። በስም ወይና ደጋ የሆነው አገር በግብርም ወይና ደጋ ሆነ ማለት ነው። እርሻውን ከጉማሬና ከዘንዶ ለመከላከል ዙሪያውን ቦይ አስቆፍሮ እንደነበር በጊዜው ተወርቷል። በኛ አገር ለወይኑ ሐረግ የሚያስተኛው ክረምት የለም፤ ስለዚህ መቼ እንዲያፈራ የሚወስነው የሚገርዘው ሰው መቀስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ወጡ።

እነዚህን ሥራዎች አላናንቅም። መሬታችን ወይን እንደሚያበቅል አሳይተዋል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ይህን ያህል ሄክታር ወይን ተክለን ስናበቃ የጉለሌው ዲያቆን እስከ ዛሬ የሚጨምቀው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዘቢብ ነው። አዱሊስ ላይ የተጀመረው "ጥቂት ጥቂት" አላለቀም።

የጓዳው ወይን

ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ጉለሌ አንድ ተጨማሪ ወይን ነበረው፤ የጓዳው። ይህ የመሠዊያ አይደለም፤ የበዓል ነው። ከዘቢቡ ለቀማ የተረፈውን፣ ለቤተ ክርስቲያን አይመጥንም ብላ የለየችውን የጨማደደና የተሰበረ ፍሬ አያቴ አትጥለውም። አጥባ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ስኳር ጨምራ፣ ከቀጨኔ በገዛቻት አፈ ጠባብ ማሰሮ ትዘፈዝፈዋለች። አፉን በሸማ ቁራጭ አስራ አልጋ ሥር ታስቀምጠዋለች። ከዚያ በኋላ አልጋው ላይ የሚተኛ ሁሉ ሌሊት ሌሊት ማሰሮዋ ስታጉረመርም ይሰማል። ጾሙ ተገባድዶ ፋሲካ ሲደርስ ታጠልለውና በባዶ የአረቄ ጠርሙስ ትሞላዋለች። ሁለት ጠርሙስ፣ በደኅና ዓመት ሦስት።

ጣዕሙ? እውነቱን ልናገርና አንዳንድ ዓመት ኮምጣጤ ይሆን ነበር። በተሳካለት ዓመት ግን ጠጅ የማይስማማቸው አሮጊቶች ሁሉ የኛን ቤት ይመርጡ ነበር። ልኩን በወረቀት አልጻፈችም። "በእጅህ እየው" ነበር ትምህርቷ። አንድ ጊዜ፣ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ ከጓደኞቼ ፊት "ይኼ እኮ ወይን አይደለም፣ የዘቢብ ውሃ ነው" ብያታለሁ። መልስ አልሰጠችኝም። ዠዝዊቶቹ ምን እንዳሉ ያነበብሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ቀን የነሱን ነቀፋ ቃል በቃል እንደደገምሁባት ሳውቅ ፊቴ ጋለ።

ፍሬ ቆጠራ

በ2000 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ አያቴ ዓይኗ ደክሞ ዘቢቡን እኔ ስለቅምላት፣ የልጅነት ስርቆቴን ነገርኋት። አጎቴን ያስቀረሁት እኔ እንደሆንሁ ይሰማኝ እንደነበርም ጭምር። ተቆጥታ ትረግመኛለች ብዬ ነበር። ነጠላዋ ከራሷ እስኪወርድ ሳቀች።

"አውቄዋለሁ እኮ! ገበዙ ያን ዕለቱኑ ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ ሩብ ኪሎ ጨምሬ የምገዛው ለምን መሰለህ? ላንተ መንገድ ነው!"

እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ በፍርሃት አንዲት ፍሬ ነክቼ አላውቅም ነበር። በየዓመቱ ከግማሽ ኪሎ ወደ ሦስት ሩብ ኪሎ ማደጉንም ልብ አላልሁም። ይህን ስነግራት ሳቋን አቆመችና ዝም አለች። ቆይታ፣ "እሱን ያስቀረው ጦርነት ነው፤ ዘቢብ አይደለም። እግዜር ፍሬ ይቆጥራል እንዴ?" አለችኝ።

በ2001 ዓ.ም. አረፈች። የማሰሮዋን ልክ ሳልጠይቃት ቀረሁ። እናቴም እህቶቿም አያውቁትም። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ኮምጣጤ ሆነብኝ።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። ስለ ጠጅና ስለ ጠላ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቡናችን ከዚያም በላይ። በየጓዳው አልጋ ሥር የሚያጉረመርመውን የዘቢብ ወይን፣ በየቤተልሔሙ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውን ሙያ ግን ልኩንና አሠራሩን ጠይቆ የመዘገበ ብዙ የለም። ሙያው በእጅ እንጂ በመጽሐፍ አይደለም ያለኝ ዲያቆን እውነቱን ነው፤ ግን እጅ ያረጃል። አያት ያላችሁ ዛሬ ጠይቋት። ሁለተኛው ነገር ደግሞ የአባቶች ጉዳይ ነው። በወይና ደጋው አገር ያሉ ገዳማትና አድባራት ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሐረግ ወይን ተክሎ፣ ፍሬውን በገዛ ፀሐይ አድርቆ ለገጠሯ ቤተ ክርስቲያን መላክ ከባድ ሥራ አይመስለኝም። ያኔ ለጣሊያናዊው እንግዳዬ የምሰጠው መልስ ይኖረኛል።

ጉለሌ ግን ደጋ ነውና ሐረግ አናወጣም። ስለዚህ እኔ በዘንድሮው የካቲት 16 ዋዜማ ሦስት ሩብ ኪሎ ዘቢብ ገዝቼ፣ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ለቀምሁ። ዳገቱን የወጣሁት ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ነው። ቋጠሮውን እሷ ያዘች። ከፊቴ ቀድማ ስትሄድ ጣቶቿ ምን እንደሚሠሩ አላየሁም፤ ላይም አልፈለግሁም።